ያረጀች መኪና፣ ያላረጀ መልክ

ባለፈው ጊፋታ ልጆቼ በሙሉ ሶዶ ተሰብስበው ነበር። ሥጋው በዳጣ ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ፣ የልጅ ልጆቼ ግቢውን ሲያምሱት ታላቁ ልጄ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እማዬ፣ ያቺን መኪና ብንሸጣትስ?» አለኝ።

ያቺ መኪና ያላት የአባቱን ማርቼዲስ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። መኪናዋም ከዚያ ወዲህ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ሸራ ለብሳ ቆማለች። ዶሮዎች ሥሯ ይጠለላሉ። በዓል በመጣ ቁጥር ሸራውን አነሣና አቧራዋን አራግፌ መልሼ እሸፍናታለሁ። ሊብሬው በስሜ ስለዞረ ያለ እኔ ፊርማ አትሸጥም።

ልጄ ነገሩን ያነሣው አስቦበት ነው። እሷን ሸጦ፣ ያጠራቀመውን አክሎ፣ የቀረውን ተበድሮ አዲስ አበባ ያያትን የ2011 ሞዴል ሲ ክላስ ማርቼዲስ ሊገዛ ፈልጓል። «ለአንቺም ለእኛም የምትሆን፣ የአባዬን ስም የምታስጠራ» አለ። ሐዋሳ በነርስነት የምትሠራው ሴቷ ልጄ ወዲያው ተቃወመች። እሷ የምትነዳው ኮሮላ ነው። «መኪና ሲገዛ መሸጫውም አብሮ ይታሰባል። ቶዮታ ግዛና ተኛ» አለችው። እዚሁ ሶዶ የሚያስተምረው የመጨረሻው ልጄ ደግሞ በሁለቱም ሳቀ። «እናንተ ገና የነዳጅ ሰልፍ ላይ ናችሁ። አሁን ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው!»

ክርክሩ እስከ ማታ ዘለቀ። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ሦስት ተማሪ ሦስት ዓይነት መልስ ይዞ ሲጨቃጨቅ የመጀመሪያው ሥራ ጥያቄውን ማጥራት ነው። የልጆቼ ጥያቄ «የትኛዋ ታምራለች?» የሚል ነበር። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት እነሱ እንደ እኔ ሽበት ሲያወጡ፣ ከእነዚህ መኪኖች የትኛዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ዓይን አትወጋም? በእኛ ሀገር መኪና ተገዝቶ በሦስት ዓመት የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ የመልኩ ዕድሜ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

(የፋብሪካዎቹን ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የእኛን ነገር ደግሞ በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ። አንባቢ እንዳይደናገር።)

ትንሿ ማርቼዲስ

የእኛዋ 190 የምትባለው ናት፤ በ1986 የተሠራች፣ በናፍጣ የምትሄድ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ባለቤቴ የገዛት በ1988 ዓ.ም. ነው። ፋብሪካው ይህችን ሞዴል ለገበያ ያቀረበው በ1982 መጨረሻ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ማርቼዲስ ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው ትልቅና ከባድ፣ ለሚኒስትርና ለአምባሳደር የሚሆን አውቶሞቢል ነው። ተፎካካሪው ቢኤምደብሊው በበኩሉ አነስ ያለውን ባለ 3 ቁጥር መኪናውን ከ1975 ጀምሮ ሲሸጥ ቆይቷል። 190 ለዚያ የተሰጠች መልስ ናት። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ42 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ «ሕፃኗ ቤንዝ» የሚል ስም ወጣላት። እስከ 1993 ድረስም ከ1 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ተሠራች። ዛሬ እነ ሲ ክላስ፣ ቢኤምደብሊው 3 እና ሌክሰስ አይኤስ የሚፎካከሩበት «የቅንጦት መኪና የመጀመሪያው ደረጃ» የሚባለው ገበያ በእነዚህ ትናንሽ መኪኖች የተስፋፋ ነው።

በዚያ ዘመን የማርቼዲስን የዲዛይን ክፍል ይመራ የነበረው ብሩኖ ሳኮ ነው። ጣሊያን ተወልዶ ዕድሜውን ጀርመን የሠራ ሰው ሲሆን፣ በ2024 በ90 ዓመቱ አርፏል። ይህ ሰው አንድ መርሕ ነበረው፦ አዲሱ ሞዴል ሲወጣ ትናንት የተገዛውን ያረጀ ማስመሰል የለበትም። ይህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። አብዛኛው ነጋዴ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነዋ! የዛሬው ልብስ የአምናውን እንዲያሳፍር፣ የዘንድሮው ስልክ የካቻምናውን እንዲያስጥል ይፈልጋል።

ከሶዶ እስከ አረካ

በማግስቱ ለልጆቼ «ወሬ ይብቃ፤ መኪኖቹን አምጡልኝ» አልኳቸው። ኮሮላዋ ግቢ ውስጥ ነበረች። ያንኑ የሲ ክላስ ቅርጽ ያላትን መኪና ከተማው ውስጥ የሚነግድ የድሮ ተማሪዬ አዋሰን። ቻይና ሠራሹን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ደግሞ የትንሹ ልጄ የሥራ ባልደረባ ይዞት መጣ። ከእያንዳንዷ የኋላ ወንበር ላይ ከዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ጋር ተቀምጬ ከሶዶ ወደ አረካ ሄጄ ተመለስኩ። ደብተርም ያዝኩ። ለመግባትና ለመውጣት መመቸት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ መታየት፣ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ያለው ምቾት፣ እዚሁ ሶዶ መጠገን መቻል፣ የመልክ ዕድሜ እና ዋጋ። እያንዳንዱ ከ5፣ ጠቅላላ ከ30።

ሲ ክላሷ ስትነሣ የሞተሩ ድምፅ አይሰማም። በሩ ሲዘጋ እንደ ጥሩ ቁም ሣጥን «ድም» ይላል። አስፋልት ላይ ስትሄድ እንቅልፍ ታመጣለች። ልጄ ለምን እንደወደዳት ገባኝ። ነገር ግን ጎማዋ ቀጭን ከንፈር ነው፤ ኮብልስቶኑ ላይ ስንወጣ እያንዳንዱ ድንጋይ ወገቤ ላይ ተቆጠረ። ወንበሯ ዝቅ ስለሚል ጉልበቴ ሁለት ሰው አስጠራ። የፊት መብራቷ መሸፈኛም ቢጫ ሆኗል። ይህ የባለቤቱ ጥፋት አይደለም። የዛሬ መኪኖች የመብራት ሽፋን ፕላስቲክ ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው ከዓመታት በኋላ ይደበዝዛል። የእኛ አሮጊት የፊት መብራት መስተዋት ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላም በጨርቅ ሲወለወል ያበራል።

የልጅ ልጄ መንገድ ላይ «እማማ፣ ዳሞታ የት አለ?» አለችኝ። ተራራው አጠገባችን ነበር። የመስኮቱ ጠርዝ ግን ከትከሻዋ በላይ ነው። የዘመኑ አውቶሞቢሎች የበራቸው ላሜራ ከፍ እያለ፣ መስኮታቸው እየጠበበ መጥቷል። ከውጭ ሲያዩዋቸው ጉልበተኛ ያስመስላቸዋል፤ ውስጥ ለተቀመጠ ሕፃን ግን ግድግዳ ነው። በ190ዋ ልጆቼ ያደጉት ዳሞታን፣ የእንሰቱን ማሳና የገበያተኛውን ሰልፍ እያዩ ነው።

ኮሮላዋ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ምስጋናዬም ይኸው ነው። ዓይን አትስብም፣ ዓይንም አትወጋም። ለመግባት ከሁሉም ተመቸችኝ። ኮሮላ የሚለው ስም በ1966 ከተጀመረ ወዲህ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። መለዋወጫዋ ሶዶ ይገኛል፤ የጠፋውም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ይላካል።

ኤሌክትሪኳ አስገረመችኝ። ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው። ሌሊት ቤት ተሰክታ ጠዋት ሙሉ ሆና ትነሣለች። ለነዳጅ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለተነጠፈ ኋላ ስቀመጥ ጉልበቴ ወደ ላይ ተነሣ። ክሩስኮቱ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ስክሪን አለ። አየሩን ለማቀዝቀዝም፣ ሬዲዮ ለመክፈትም እሱን መንካት ነው። ልጄ በኩራት ሲያሳየኝ ከአሥር ዓመት በፊት የገዛልኝ ስልክ ትዝ አለኝ። ያኔ ጎረቤት ያየው ነበር፤ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው። መኪናው ባያረጅ እንኳ ስክሪኑ ያስረጀዋል።

ቤት ስንደርስ ለልጅ ልጄ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኋት። «ሳታዪ ሁሉንም መኪኖች ሳዪልኝ» አልኳት። የሲ ክላሷን ኮከብ በትልቁ ሳለች፤ የቀረው ማንኛውንም መኪና ይመስላል። ከኤሌክትሪኳ የሳለችው ስክሪኑን ነው። ኮሮላዋን አራት ጎማ ያለው ሳጥን አደረገቻት። የአያቷን 190 ግን በጥቂት ቀጥታ መስመር ቁጭ አደረገቻት፤ ከፍ ብሎ በድንገት የሚቆረጠውን የኋላ ኮፈን፣ ቀጥ ያለውን ትከሻ፣ መሐል ላይ ያለውን አንድ ብቻ የዝናብ መጥረጊያ ሳትረሳ። «ባለ አንድ እጅ» ይሏታል ልጆቹ። ግራና ቀኝ ስፖኪዮዎቿ እኩል አለመሆናቸውንም አስተውላለች።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ሕፃን በጥቂት መስመር አስታውሶ ሊስለው የሚችል ቅርጽ ቶሎ አያረጅም። የሚያስረጀው የተለጠፈው ጌጥ ነው።

ጌጥ ያልፋል፣ ልክ ይቀራል

ይህ በእኔ መኪና ብቻ የታየ አይደለም። የኔ ዕድሜ አንባቢዎች እንደሚያስታውሱት፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። ያን ቀን ቮልሷ የታየችው እንደ ውርደት ነበር። ዛሬ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትላልቅ መኪኖች ይልቅ ሰው ሲያያት ፈገግ የሚለው ያቺን ክብ ቮልስ ነው። ያው ቅርጽ ሳይለወጥ እስከ 2003 ድረስ ተሠርቷል፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ።

ሐረር የሄደ ሰው ፔጆ 404 ታክሲዎቿን ሳያይ አይመለስም። መኪናዋ የወጣችው በ1960 ነው፤ ቅርጿን ያወጣው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ከስልሳ ዓመት በኋላም የጀጎል መልክ ሆናለች። የአዲስ አበባዋ ሰማያዊና ነጭ ላዳስ? መሠረቷ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለችው ፊያት 124 ናት። ሦስቱም ለሀብታም የተሠሩ አይደሉም። ግን መስመራቸው ጥቂት ነው፣ ብርጭቋቸው ሰፊ ነው፣ ላሜራቸው በመዶሻ ይስተካከላል።

በሌላ በኩል በ1950ዎቹ አሜሪካኖች መኪናቸው ጭራ ላይ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይቀጥሉ ነበር። የ1959ኙ ካዲላክ ክንፍ ከሁሉ የረዘመ ነው። ማርቼዲስ ራሱ በዚያው ዓመት ክንፍ ያለው አውቶሞቢል አውጥቷል። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ፋሽኑ አለፈና ክንፉ የዘመን ማኅተም ሆኖ ቀረ። የዛሬው ግዙፍ የፊት ፍርግርግ፣ አየር የማያስገባ የውሸት ቀዳዳና በሚሊሜትር የሚታጠፍ ላሜራ ነገ ያ ክንፍ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

አሁን ለምን ነገሩ ከበደ?

አንዳንድ አንባቢ «ካረጀ ይለወጣላ» ይል ይሆናል። በእኛ ሀገር ሁለት ሕጎች ይህን ለውጠውታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ሲገባ እስከ 500 በመቶ እንዲከፈልበት አደረገ። ቀጥሎ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። በአንጻሩ ተሠርቶ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ሆኖ ከሌሎች ከባድ ታክሶች ነጻ ተደረገ።

ይህ ለቤተሰብ ምን ማለት ነው? ልጄ ያያት የቤንዚን ሲ ክላስ ከእንግዲህ እኅት አይመጣላትም። ሀገር ውስጥ ያለው ሁሉ ያለው ነው። ሲያረጅ መጠገን እንጂ መተካት የለም። ሴንሰሩ ሲበላሽ በኮምፒውተር የሚያነብለት ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ያ ባለሙያ ደግሞ በየከተማው የለም።

ሌላም ሒሳብ አለ። መኪናዋ የ2011 ናት፤ አሁን 14 ዓመቷ ነው። ብድሩ የ6 ዓመት ነው። ልጄ የመጨረሻውን ክፍያ ሲከፍል መኪናዋ 20 ዓመት ይሞላታል። እዳው ያልቃል፣ መኪናዋም አብራ ታልቃለች። ይህን በወረቀት ላይ ስጽፍለት ዝም አለ።

ውጤቴን ነገርኳቸው። ኮሮላ 24፣ ኤሌክትሪኳ 22፣ 190ዋ 20፣ ሲ ክላሷ 17። ሴቷ ልጄ አጨበጨበች። ታላቁ ግን ተነሥቶ ወጣ።

ልጄ ያልሰማው ታሪክ

አመሻሽ ላይ ከአቮካዶው ሥር አገኘሁት። ሸራውን ገልጦ ኮፈኗን በእጁ ይዳብስ ነበር።

«እማዬ፣ ነገሩ የመኪና አይደለም» አለኝ። «ሰው አባዬን የሚያስታውሰው በዚህች ማርቼዲስ ነው። እኔ አዲስ አበባ ይኸን ያህል ዓመት ሠርቼ ባዶ እጄን ብመጣ ምን ይለኛል?»

የፊቱን በር ከፈትኩና ገብቼ ተቀመጥኩ። እሱም መሪው ጋ ገባ። ለሰባት ዓመት አብረን አልተቀመጥንባትም ነበር።

«አባትህ ለክብር የገዛት ይመስልሃል?» አልኩት። «ያኔ አንተ ሰባት ዓመትህ ነበር፤ አታውቅም። እሱ የፈለገው ፔጆ 504 ነበር። አቅሙ አልደረሰም። ይህችን የሸጠለት ውሉን ጨርሶ ወደ ሀገሩ የሚመለስ የውጭ ሰው ነው። ናፍጣ ስለሆነችና ስለምትዘገም ፈላጊ አላገኘችም። ዋጋዋንም በሁለት ጊዜ እንዲከፍል ስለፈቀደለት ገዛት።»

«እና…?»

«እናማ አንድ ዓመት ሙሉ አፍሮባት ነበር። ‹የደሞዝ ሰው ማርቼዲስ ከየት አመጣ?› እንዳይባል ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ራቅ አድርጎ አቁሟት በእግራችን እንሄዳለን። ጫማዬ በጭቃ ተበላሽቶ የተጣላነው በዚህ ነው።»

ልጄ ሳቀ። ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር።

«ታዲያ መቼ ነው ማፈሩን የተወው?»

አሰብኩ። «የጎረቤታችን ሚስት ሌሊት ምጥ ይዟት ኦቶና ሆስፒታል ያደረሳት ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ በራችን ሌሊት መንኳኳቱን አላቆመም። የሰፈሩ ሙሽሮችም በእሷ ተዳሩ። ያኔ ‹የጋሼ ማርቼዲስ› መባል ጀመረች። ክብሩ ከፋብሪካ የመጣ አልነበረም፤ እዚሁ ሶዶ ነው የተሰጣት።»

ብዙ አልተናገርንም። ዶሮዎቹ ከሥር ወጡ። ከቆይታ በኋላ «ብድሩን እተወዋለሁ» አለ። «ግን ቆማ እንድትበሰብስ አልፈልግም።»

መልክ ባያረጅም ጎማ ያረጃል

በሳምንቱ ጋራዥ ያለውን ሌላውን ተማሪዬን አስጠራን። «ቲቸር፣ ላሜራዋ ከኔ ትሻላለች» አለ ከሥሯ ወጥቶ። ቀጥሎ ግን ጣቱን መቁጠር ጀመረ። የፍሬን ላስቲኮች ደርቀዋል፤ የነዳጅ መስመሩ መታጠብ አለበት፤ ዘይቱ፣ ማጣሪያው፣ ባትሪው መለወጥ አለበት። የጎማው ጥርስ አዲስ ይመስላል፤ እሱ ግን ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አሳየኝ። 2312 ይላል። ትርጉሙ በ2012 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። «ቲቸር፣ ጎማ ባይነዳም ያረጃል። ይሄ ይፈነዳል» አለኝ።

እኔም ራሴን እውነቱን መጠየቅ ነበረብኝ። የሳኮ ቅርጽ አላረጀም፤ ደኅንነቷ ግን አርጅቷል። በዚህች መኪና ላይ ኤርባግ የለም። እኔ ትዝታዬን ስለምወድ የልጅ ልጆቼን በእሷ አርባ ምንጭ ድረስ መላክ ፍቅር አይደለም። ስለዚህ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እንዲህ ወሰነ። ታላቁ ልጄ ለቅድሚያ ክፍያ ካሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ለጥገናው ያወጣል። 190ዋ ከተማ ውስጥ ብቻ፣ በዝግታ ትሠራለች፤ እኔን ኦቶና ለቀጠሮዬ፣ ቦዲቲ እኅቴ ዘንድ ታደርሰኛለች። ልጆች ያሉበት ረጅም መንገድ በኮሮላዋ ይሆናል። ትንሹ ልጄ እየነዳኝ ለኤሌክትሪኩ ይቆጥባል፤ እስከዚያ እነዚያ መኪኖች የእኛን ክረምት ጭቃና የመብራት መቆራረጥ እንዴት እንደሚችሉት እናያለን።

እንደ እኛ ለምትመክሩ ቤተሰቦች ከደብተሬ ጥቂት ነገር ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ መኪናዋን ከመግዛታችሁ በፊት አያትየዋን ኋላ፣ ሕፃኑን አጠገቧ አስቀምጡ። የሚነዳው ሰው ብቻ አይወስን።

ሁለተኛ፣ ኮከቡንና ስሙን በእጃችሁ ሸፍናችሁ እዩት። ከዚያም በኋላ ደስ ካላችሁ መልኩ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ በጣት የሚዞር መክፈቻ፣ በእጅ የሚገፋ መዝጊያ ቁጠሩ። ሁሉም ስክሪን ውስጥ ከሆነ ስክሪኑ ሲሞት ሁሉም ይሞታል።

አራተኛ፣ የብድሩን ዓመት በመኪናዋ ዕድሜ ላይ ደምሩ። ድምሩ ካስፈራችሁ ተዉት።

አምስተኛ፣ ቀጭን ጎማ ለአስፋልት ነው። መንገዳችሁን እዩና ጎማውን ምረጡ።

ስድስተኛ፣ የጎማውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብቡ። ጥርሱ አያታልላችሁ።

ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ መንገዱ በትላልቅ አዳዲስ መኪኖች ተሞልቷል፤ ባጃጆቹም በመሐል እየተሹለከለኩ ነው። በዚህ መሐል ባለፈው ወር መኪናችን ምርመራዋን አልፋ ከሰባት ዓመት በኋላ ቦሎ ተለጠፈባት። ታላቁ ልጄ ለዚሁ ብሎ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ራሱ አጥቦ፣ ራሱ እየነዳ ቦዲቲ እኅቴ ዘንድ ወሰደኝ። ዳገቱ ላይ ባጃጅ ሳይቀር ቀደመን። እሱም አልተናደደም። የልጅቷን ሥዕል አጥፎ ክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ አስቀምጦታል።

እኅቴ በር ላይ ቆማ ስታየን እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የጋሼ ማርቼዲስ!» አለች። ልጄ ወርዶ በሩን ከፈተልኝ፤ ጉልበቴ እንደ ልማዱ አስቸገረኝ፤ እጁን ይዤ ወጣሁ። መኪናዋንም እዚያው በሩ ላይ አቆማት፣ ራቅ አላደረጋትም።